የአባቴ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ለጅግራ ይሆናል? (አዳማ)

ናዝሬት07 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ባለ ሁለት አፍ የወፍ ጠመንጃ ትቶልናል። ክላሽ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጥይት ውስጥ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ ያለበት፣ ሾትገን የሚሉት ዓይነት ነው። ፈቃዱ በእሱ ስም ነበር። ልጅ ሆኜ ወደ ዶኒ በኩል አብሬው ሄጃለሁ። ጅግራዋን ተሸክሜ የተመለስኩት እኔ ነበርኩ፤ ክብደቷ እስካሁን እጄ ላይ አለ።

አሁን እኔም ልጀምር ብዬ ዩቲዩብ ላይ ተጥጄ ከረምኩ። ውሻ ግዛ ይላሉ። ቅጠል የሚመስል ልብስ ግዛ ይላሉ። የወፍ ድምፅ የሚያወጣ ፉጨት ግዛ ይላሉ። ደሞዜ ለፉጨቱም አይበቃ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ለጅግራ፣ ለቆቅና ለጥንቸል የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ ምንድን ነው? ጥይቱስ ስንት ቁጥር ይሁን?

ባጃጅ ሾፌሩ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

መጀመሪያ ፉከራ የሚያወጣልህ ሰው ፈልግ። የድሮ ሰው አንበሳ ገዳይ፣ ጎሽ ገዳይ ይባል ነበር። አንተ "ዘራፍ! ጅግራ ገዳይ!" ብለህ ሰፈር ስትገባ ዶሮዎቹም ይስቁብሃል።

መተሐራ ጫፍ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ቀልዱን እናቆየውና ወንድሜ፣ የጥይት ቁጥር ከመጠየቅህ በፊት ወረቀትህን ጨርስ። ፈቃድ የሰው እንጂ የብረት አይደለም። አባትህ ፈቃድ ነበራቸው ማለት አንተ አለህ ማለት አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ። ዛሬ ነገ ሳትል ፖሊስ ጋ ሄደህ አስታውቅ። ቁም ሣጥን ጀርባ የተቀመጠ መሣሪያ ውርስ ሳይሆን ጣጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃ ለመያዝ መፈቀዱና ለማደን መፈቀዱ ለየቅል ናቸው። የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የዱር እንስሳት ባለሥልጣኑን ጠይቅ። ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆንክ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅትንም ጠይቅ። የት ቦታ፣ የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ወር እንደሚፈቀድ እነሱ ናቸው የሚነግሩህ። አዋሽ ፓርክማ ጨርሶ አይታሰብም። እኔ ያደግኩት በፓርኩ ጫፍ ነው፤ "ትንሽ ወፍ ናት" ብሎ ገብቶ የታሰረ ሰው አውቃለሁ።

አሮጌ ቀለህ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ስለ ወረቀቱ የመተሐራው ልጅ የተናገረው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ስለ ወፏ ልንገርህ።

ወጣት ሳለሁ የአጎቴን ዕቃ ተሸክሜ ብዙ ዞሬያለሁ። በአዋሽ ዳር፣ ከሶደሬ ወዲህም ወዲያም። አጎቴ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ኮዳ ነበረው። ከዚያ ሌላ ዕቃ አላየሁበትም። ያየሁበት ትዕግሥት ነው።

ጅግራ መብረር አትወድም። እግሯን ታምናለች። ፊት ለፊት ከሄድክባት ባንተው እርምጃ ልክ እየተራመደች ትርቃለች። ስትፈጥን ትፈጥናለች፣ ስትቆም ቆማ ታይሃለች። እንዲህ ስታዞርህ ፀሐይዋ አናትህ ላይ ትደርሳለች። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ቀስ ብሎ በግልጽ ይሄዳል፤ አይደበቅም። እሷ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ሌላው ቀድሞ በሸለቆው ዞሮ ውሃው ዳር ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጣል። በበጋ መንጋው ወደ ውሃ መውረዱ አይቀርም፤ ጠዋት ከጠገበች በኋላ፣ ደግሞ ወደ ማታ። በክረምት መንጋው ይበተናል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይፈለፍላል። ያኔ አጎቴ ጠመንጃውን ዘይት ቀብቶ ይሰቅለው ነበር። "እናቲቱን ከገደልክ የመስከረሙን መንጋ ገደልክ" ይል ነበር።

ማታ ዛፍ ላይ ወጥታ ስታድር መተኮስ አለ፤ ግራሩ ላይ እንደ ፍሬ ተደርድረው ነው የሚያድሩት። እሱ አደን አይባልም።

ቆቅ ሌላ ነገር ናት። እዚህ አካባቢ ጎጎሪ የሚሏት። ሣር ውስጥ ድፍት ብላ ትቆይና ልትረግጣት ስትል ከእግርህ ሥር ቱር! ትላለች። ልብህ አፍህ ውስጥ ይገባል። "እንደ ቆቅ ንቁ" የሚባለው ዝም ብሎ እንዳይመስልህ፤ እሷ ካየችህ ቆይታለች። ለቆቅ የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ መሄድና በየአሥር እርምጃው ቆም ማለት ነው። ስትቆም ትጨነቃለች፤ የታየች ይመስላታል፣ ተነሥታ ትበራለች።

ርቀቱን ደግሞ ስማኝ። ከ30 እርምጃ በላይ አትተኩስ። እኔ አንድ ቀን ጉራ ይዞኝ 60 እርምጃ ላይ ተኮስኩ። ወፏ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ቁጥቋጦ ገባች። እስኪመሽ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። አጎቴ ምንም አላለኝም። በማግስቱ ግን ጠመንጃውን አልሰጠኝም፤ በሳልስቱም አልሰጠኝም።

ቶርኖ ቤት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ ብረት ሠሪ ነኝ፤ በብረቱ በኩል ልግባ።

ናዝሬት07፣ ጥይት ከመግዛትህ በፊት በርሜሉን ከሰደፉ ለይና ከሥሩ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብብ። 12 የሚል ልታገኝ ትችላለህ። 12 ሚሊ ሜትር ማለት አይደለም። በበርሜሉ ልክ የሚሠሩ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ ይመዝናሉ ማለት ነው። ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። 20 ቁጥር ከ12 ይጠባል፤ ኳሱ ባነሰ ቁጥር ብዙ ሆኖ ነው ፓውንዱን የሚሞላው።

ከ12ቱ አጠገብ ሌላ ቁጥር ፈልግ፦ 65 ወይም 70። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እሱ ጥይቱ የሚገባበት ክፍል ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የድሮዎቹ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ 65 ናቸው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጥይት ደግሞ በአብዛኛው 70 ነው። ክፋቱ፣ የ70ው ጥይት 65ቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል! ምክንያቱም 70 የሚባለው ከተተኮሰ በኋላ ጫፉ ተከፍቶ ሲዘረጋ ነው። ሳይተኮስ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ አጭር ነው። ስትተኩስ ጫፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፣ መንገዱን ያጠበዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ያረጀ ብረት ይህን ላይችለው ይችላል። የሚፈነዳው ደግሞ ግራ እጅህ ያለበት ላይ ነው።

በርሜሉ ላይ በእንጨት ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት የተጠቀለለ መስመር ካየህ ጭራሽ አትተኩስበት። እሱ ድሮ የብረት ጥብጣብ እየጠቀለሉ በመዶሻ አያይዘው የሚሠሩት ነው፤ ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ። ግድግዳ ላይ ያምራል።

ባጃጅ ሾፌሩ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:02

እኔ ለቀልድ ገብቼ ትምህርት ቤት ሆነብኝ እኮ።

ናዝሬት07 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ጋሽ አሮጌ ቀለህ፣ አመሰግናለሁ፤ አባቴም ልክ እንደ እርስዎ ነበር የሚያወራው። ቶርኖ ቤት፣ አስደነገጥከኝ። አባባ የሚተኩስበት ጥይት ከየት እንደነበር እንኳ አላውቅም። ቁጥሩን አይቼ እመለሳለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ውሻ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ቪዲዮው ላይ ያለ ውሻ የሚያድን ሰው የለም።

የዴራዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:48

ውሻ አፉ ውስጥ ከትቶ ያመጣትን ጅግራ ማን እንዲበላልህ ነው? እኔ ቤት አታስገባትም!

መተሐራ ጫፍ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

እህቴ እውነቷን ነው። እነዚያ ቪዲዮዎች ላይ የማይነገር ነገር አለ፤ እዚያ ወፏ ሞታ ብትወድቅ ግድ የላቸውም። እኛ አገር ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባርኮ ያላረደውን አይበላም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃህ ቢላ ነው። የተሳለ፣ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያለ። ወፏ ስትወድቅ ነፍስ ሳይወጣ መድረስ አለብህ። ጋሼ 30 እርምጃ ያሉት ለዚህም ይመስለኛል፤ 60 እርምጃ እሾህ መሃል ስትሮጥ በክት ሆና ታገኛታለህ።

በእኛ በኩል ስትተኩስ ቢስሚላህ ትላለህ። ነፍስ እያለች ከደረስክ ታርዳለህ። በድንጋይ ክብደት ተመትታ የሞተች አትበላም፤ ወንጭፍም ያው ነው። በእርሳስ የሞተችውን በተመለከተ ዑለማዎቹ ይለያያሉ፤ ሼኽህን ጠይቅ።

ቆቅ ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:34

ወንጭፍ ሲባል ልጅነቴ መጣብኝ። ባላ እንጨት፣ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ቆዳ። ቦኩ ተራራ ሥር ስንት ቀን ዞርን፤ አንድ ወፍ አልመታንም። የጎረቤት መስኮት ግን መትተናል።

ጥንቸልስ? ጠያቂው ጥንቸልም ብሏል። ኦርቶዶክስ ከሆነ ማን ሊበላለት ነው? ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ በኦሪት ተከልክላለች።

ናዝሬት07 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

እሱስ ልክ ነህ። ጥንቸሏን ከዝርዝሩ አውጥቻታለሁ።

መተሐራ ጫፍ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:44

ለእኔ ጎረቤቶች አምጣላቸው፣ ያመሰግኑሃል። ቢስሚላሁን ካልክ ማለቴ ነው።

አሮጌ ቀለህ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:05

የጥይቱን ቁጥር ጠይቆ መልስ ያላገኘ ልጅ አለ እኮ።

ቁጥሩ ሲያድግ እርሳሱ ያንሳል። 4 ቁጥር ትልቅ ነው፣ 6 መካከለኛ፣ 7 ከዚያ ያነሰ። ጅግራ ላባዋ ወፍራም፣ አጥንቷ ጠንካራ ስለሆነ 4 ወይም 5 ጥሩ ነው፤ 6ም ከቅርብ ይሠራል። ለቆቅ 6 ወይም 7። ነገር ግን የአሜሪካኑና የእንግሊዙ 6 እኩል አይደሉም። የአሜሪካኑ 2.8 ሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዙ 2.6 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ተወውና ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሚሊ ሜትር አንብብ።

ባለ ሁለት አፉ ላይ አንዱ በርሜል ጫፉ ላይ ጠበብ ይላል፣ ሌላው ሰፋ። አብዛኛውን ጊዜ ቀኙ ሰፊ፣ ግራው ጠባብ ነው። ሰፊው እርሳሱን ቶሎ ይበትነዋል፤ ለቅርብ ነው። ጠባቡ ሰብስቦ ትንሽ ራቅ ያደርሰዋል። የትኛው ቃታ የትኛውን እንደሚተኩስ ሳታውቅ ሜዳ አትውጣ። አጎቴ ጋዜጣ አራቱን ገጥሞ ይሰቅልና ከ30 እርምጃ ይተኩስበት ነበር። ከዚያ ቀዳዳውን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። የጅግራ ቅርጽ በከሰል ይሥልና አምስት እርሳስ ካልገባባት "ከዚህ ርቀት አልተኩስም" ይላል። ጥይት ውድ ነው ብለህ ይህን አትዝለል። ወፍ ላይ ከመማር ጋዜጣ ላይ መማር ይሻላል።

የዴራዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

ጋሼ፣ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ሜዳ ሜዳ ትላላችሁ፣ ሜዳው ባዶ አይደለም። እኔ ዴራ በቆሎና ቦሎቄ አለኝ። ጅግራም ቆቅም ዘሩን ጭረው ያወጡብኛል፤ አልወዳቸውም። ሆኖም ፌንጣና ምስጡንም ይለቅሙልኛል፣ እሱን አልክድም። ጠመንጃ ይዞ እርሻዬ የሚገባ ሰው ግን አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከቁጥቋጦው ኋላ ናቸው። ፍየል የምትመስል ነገር ሁሉ ፍየል አይደለችም፣ ሕፃንም ትሆናለች።

ቶርኖ ቤት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ትልቅ ነገር ነው ያነሣችው። የ6 ቁጥር እርሳስ ወደ ላይ ከተተኮሰ 220 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሲወርድ ዓይን ካገኘ ዓይን ያጠፋል። "ቀላል ስለሆነች" ብሎ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ ያቺ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች። ከዴራ እስከ ሞጆ በሰው በተሞላ አገር ቀላል የምትባል ጥይት የለችም። ሁለት ሆናችሁ ስትከቡም ጓደኛህ የት እንዳለ ካላየህ መሬት ላይ ያለች ወፍ ላይ አትተኩስ። ከኋላዋ ሰማይ ሲታይህ ብቻ ተኩስ።

ወፍ ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:00

እኔ የማድነው በካሜራ ነው፤ አትሳቁብኝ። ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሁሉም ቆቅ አንድ አይደለም። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኝ የቆቅ ዘር አለች፤ በአባይና በጀማ ሸለቆዎች ነው የምትኖረው። አዳማ አታገኛትም፤ ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው ምን እንደሚያይ ማወቅ አለበት ለማለት ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ግዛ፣ 8 በ42 የሚባለው በቂ ነው። 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ብርሃን በደንብ ይሰበስባል።

ሁለተኛ፣ ሆድ ዕቃውን ሜዳ ላይ አትጣል፤ ቅበረው። እርሳስ ያለበትን ሥጋ ጥንብ አንሣ ይበላና ይመረዛል።

የዴራዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:25

ሥጋውን ደግሞ ፌስታል ውስጥ እንዳትከት! በአዳማ ሙቀት ቤት ሳትደርስ ይሸትሃል። ሆዱን ወዲያው አውጣ፣ አየር በሚያስገባ የሽንኩርት ከረጢት አድርገህ ጥላ ያዝ። ስትሠራው እንደ ፈረንጅ ዶሮ እንዳይመስልህ። ያረጀች ጅግራ ሁለት ሰዓት ቁጭ ትላለች። ሽንኩርቱን አብዛ፣ ቅቤውን አትሰስት፤ ሥጋዋ ስብ የለውም። ስትበላ ጥርስህን ጠብቅ፣ እርሳሷ ትቀራለች።

ባጃጅ ሾፌሩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:29

ምሣ ሰዓት ላይ ባነብ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ናዝሬት07 | እሑድ፣ ከቀኑ 9:50

ተመለስኩ።

ሐሙስ ፖሊስ ጋ ሄጄ አስታወቅሁ። ወረቀቱ እስኪያልቅ ጠመንጃው እነሱ ዘንድ ይቀመጣል። ሲረከቡኝ በርሜሉን ከፍተው አሳዩኝ። 12፣ ከጎኑ 65። ቶርኖ ቤት፣ ምን ልበልህ። አባባ ከተዋት ጥይት ሁለቱ ቀርተው ነበር፤ እነሱን አገላብጬ አየሁ፣ 65 ይላሉ። አውቆ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት 70ውን ልገዛ ሰው ጠይቄ ነበር።

ዛሬ ደግሞ የዴራዋ ፈቅዳልኝ፣ ባጃጅ ሾፌሩ አድርሶኝ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እርሻዋ ዳር ነበርኩ። የወፍ ቆጣሪን ምክር ሰምቼ መነጽር ተውሻለሁ። 23 ጅግራ ቆጠርኩ። ልክ ጋሼ እንዳሉት ባንተው እርምጃ ልክ ይሄዳሉ። ስቆም ይቆማሉ። ባጃጅ ሾፌሩን በሸለቆው አዙሬ ላክሁትና እኔ በግልጽ ሄድኩ። ወደ እሱ ነዳኋቸው፣ 20 እርምጃ ያህል ቀረቡት። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

ባጃጅ ሾፌሩ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:58

ደንበኛ ነበር፣ ምን ላድርግ!

አሮጌ ቀለህ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:30

ለመጀመሪያ ቀን 20 እርምጃ መድረስ ቀላል አይደለም። ምን ጫማ አድርገህ ነበር ልጄ?

ናዝሬት07 | እሑድ፣ ከቀኑ 10:34

ሸራ ጫማ፣ ጋሼ። የግራር እሾህ ሁለት ቦታ በስቶታል።

አሮጌ ቀለህ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:41

እንግዲህ የመጀመሪያው ዕቃህ ታወቀ።